ስለ ውርስ ዳኞችና አጣሪዎች ሹመትና ደመወዝ፤ በፍትሐ ነገሥትና በተከታዮቹ ሕጎች ላይ የተሰጠ ሐተታ

በግእዝ ቋንቋ «ፈትሐ» ማለት ፈታ፣ የታሰረውን ለቀቀ ማለት ነው። ከዚህ ከአንዱ ግስ ሁለት ታላላቅ ስሞች ይወጣሉ። አንደኛው «ፍትሕ» ነው፤ ይኸውም ዳኛ የተጣሉትን ሰዎች ክርክር የሚፈታበት ነው። ሁለተኛው «ፍትሐት» ነው፤ ይኸውም የሞተው ሰው ነፍስ ከኀጢአት ማሰሪያ እንድትፈታ ካህን እግዚአብሔርን የሚለምንበት ጸሎት ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቤት ይገናኛሉ። ካህኑ ስለ ነፍሱ ፍትሐት ያደርሳል፤ ዳኛው በገንዘቡ ላይ ፍትሕ ይሰጣል። ሁለቱም ከዚያው ቤት ዋጋቸውን ሲጠብቁ ይገኛሉ።

«ኑዛዜ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። ምንጩ «ናዘዘ» ሲሆን ትርጓሜው አጽናና ማለት ነው። በአማርኛ ግን ሰው ኀጢአቱን ለንስሐ አባቱ ሲነግር ተናዘዘ ይባላል፤ ገንዘቡን ለልጆቹ ሲደለድልም ተናዘዘ ይባላል። ቋንቋው ሁለቱን ያጋባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአገር ልማድ የሟቹን የመጨረሻ ቃል የሚሰማው የንስሐ አባቱ ነበርና። እንግዲህ የውርስን ነገር መመርመር ለዳኛ ብቻ ሳይሆን ለካህንም የሚገባ ሥራ ነው። በዚህ ሐተታ የሚመረመረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሙታንን ገንዘብ የሚያካፍል ሰው በማን ይሾማል? ደመወዙንስ ከወዴት ይበላል? (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የፍትሐ ነገሥት ቃል

ፍትሐ ነገሥት የዓሳል ልጅ የሚባለው ግብጻዊው ሊቅ ሳፊ በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ የሰበሰበው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ትውፊት ትርጓሜውን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል፤ የተርጓሚውንም ስም ጴጥሮስ ወልደ ዐብድ ሰይድ ይለዋል። አንቀጾቹ 51 ሲሆኑ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ ሥርዐት፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ሥርዐት ይናገራሉ። በሥጋዊው ክፍል 41ኛው አንቀጽ ስለ ኑዛዜ፣ 42ኛው ስለ ውርስ፣ 43ኛው ስለ ዳኞች፣ 44ኛው ስለ ነገሥታት ነው። የእነዚህ የአራቱ አንቀጾች ተራ ራሱ ትምህርት ነው። ሰው ይናዘዛል፤ በሞተ ጊዜ ወራሽ ይቀርባል፤ ወራሾች ሲከራከሩ ዳኛ ያስፈልጋል፤ ዳኛውን የሚሾመው ደግሞ ንጉሥ ነው።

42ኛው አንቀጽ ከዘመዶች ማን ማንን እንደሚቀድም በዝርዝር ያሳያል። 43ኛው ዳኛው ዐዋቂና እውነተኛ እንዲሆን፣ መማለጃ እንዳይቀበል፣ ባለጠጋውንና ድኻውን አስተካክሎ እንዲያይ ያዝዛል። በዚህ ሁሉ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ስለ ዳኛው ጠባይ የሚለው ስፋት ስለ መተዳደሪያው ከሚለው ጋር አይመጣጠንም። የወራሹ ድርሻ በጥንቃቄ ሲቈረጥ፣ የአካፋዩ ዋጋ በዚያ ጥንቃቄ አልተቈረጠም። አጥሩ በአንድ ወገን ጸንቶ በሌላው ወገን ክፍት ቀረ ማለት ነው።

«ጠባዩ ያማረ ዳኛ ከተገኘ ስለ ደመወዙ መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን እንዲህ አያስተምሩም። ዮቶር ሙሴን በመከረው ጊዜ የሚሾሙት ሰዎች ስስትን የሚጠሉ እንዲሆኑ ተናገረ፤ ይህ ስለ ጠባይ ነው። ኦሪት ደግሞ ርስት ለሌላቸው ለሌዋውያን ዐሥራቱን መደበች፤ ይህ ስለ መተዳደሪያ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሳሙኤል ከማንም በሬ ያልወሰደ ንጹሕ ዳኛ ነበር፤ ልጆቹን በሾማቸው ጊዜ ግን እነርሱ መማለጃ በሉ። የአባት ንጽሕና ለልጅ አይወረስም፤ ሥርዐት ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ ይችላል።

የቤይሩት ሊቃውንት

የጕድለቱን ምክንያት ለማወቅ ምንጩን መመልከት ያሻል። ፍትሐ ነገሥት ሥጋዊውን ሕግ ከቀዳባቸው መጻሕፍት መካከል «አራቱ የነገሥታት መጻሕፍት» የተባሉት ይገኛሉ። ትውፊት እነዚህን ለ318ቱ የኒቅያ አባቶችና ለንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ይሰጣል። ሊቃውንት ቃሉን ከቃሉ ጋር ባነጻጸሩ ጊዜ ግን አንደኛው መጽሐፍ በ5ኛው መቶ ዓመት በጽርእ የተጻፈው፣ ኋላም ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ የተመለሰው የሮማና የሶርያ ሕግ መሆኑን ዐወቁ። ያ መጽሐፍ የሚጀምረው ሳይናዘዝ ስለ ሞተ ሰው ውርስ በመናገር ነው። በዚህ መንገድ የሮማ ሕግ የወራሾች ሥርዐት ወደ ግእዝ ደረሰ።

በዚያ ዘመን በምሥራቅ የሮማ ሕግ ትምህርት እናት የነበረችው ቤይሩት ናት። ቅዱስ ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ገና ሳይጠመቅ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ፣ ሕግ የተማረው በእርስዋ ነው፤ የተጠመቀውም ከእርስዋ በስተሰሜን ባለችው በትሪፖሊ፣ በሰማዕቱ በልዮንጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ512 እስከ 518 በአንጾኪያ መንበር በተቀመጠ ጊዜ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አያሌዎቹ ስለ ሹመት ናቸው። የሕግ ተማሪ የነበረ አባት ለሹመት ነገር መጨነቁ አያስደንቅም።

ንጉሡ ዮስጢንያኖስ በ536 ሳዊሮስን ያሳደደ ቢሆንም ሕጉን መመርመር አይከለክልም። ይህ ንጉሥ በ533 የሕግ ትምህርት በሦስት ከተሞች ብቻ፣ ማለት በሮም፣ በቍስጥንጥንያና በቤይሩት እንዲሰጥ አዘዘ፤ ታላቁንም የሕግ መጽሐፍ ካዘጋጁት ሊቃውንት ዶሮቴዎስና አናጦልዮስ የቤይሩት መምህራን ነበሩ። በ535 ሹመት በገንዘብ እንዳይሸጥ ዐወጀ፤ ሹመቱን የገዛ ሰው የከፈለውን ከሕዝብ ላይ ማውጣቱ አይቀርምና። በ539 ደግሞ በቍስጥንጥንያ የሚፈርዱ ዳኞች ከአንድ ክርክር 4 የወርቅ ዲናር እንዲቀበሉ፣ ይኸውም ከሁለቱ ተከራካሪዎች እኩል እንዲወጣ፣ የክርክሩ ዋጋ ከ100 ዲናር በታች ሲሆን ግን ምንም እንዳይወስዱ ወሰነ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ሦስት መልካም ነገሮች አሉ። ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚወጣ ዳኛውን ወደ አንዱ አያዘነብለውም፤ ከጥቂት ገንዘብ ላይ ስለማይነካም ድኻውን ይጠብቃል። ጕድለቱ ደመወዙን ከክርክር ቍጥር ጋር ማሰሩ ነው፤ ክርክር በበዛ ቍጥር ዳኛው ይጠቀማልና። የቤይሩት ትምህርት ቤት በ551 በደረሰው የምድር መናወጥ ጠፋ። ይህ ስለ ዳኞች ዋጋ የወጣው ሕግም የውርሱ ሥርዐት በመጣበት መንገድ ወደ ግእዝ አልመጣም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የወራሹን ድርሻ ሲማሩ የዳኛውን ተመን ሳይማሩ ቀሩ።

ከሟች ገንዘብ የሚካፈል ሹም

ቤይሩትና የሊባኖስ ተራራ ከ1516 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ በኦቶማን መንግሥት ሥር ነበሩ። በዚያ መንግሥት «ቀሳም» የሚባል ሹም ነበር፤ ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን አካፋይ ማለት ነው። ሥራው የሟቹን ንብረት መዝግቦ ለወራሾች መደልደል ነበር፤ ዋጋውንም የሚያገኘው ከውርሱ ላይ ነው። በአንዳንዱ ደንብ ከሺሁ 15 ይቀበል ነበር። ቍጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ አሠራሩ ግን ክፉ ነበር። ዋጋ በውርሱ መጠን ሲቈረጥ ግምቱን ከፍ ማድረግ ለሹሙ ይጠቅመዋል፤ ወራሾች ተስማምተው ቢካፈሉም እርሱ ካልገባ ምንም አያገኝም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መቶ ዓመት ሱልጣኖቹ ያወጧቸው የፍትሕ ዐዋጆች ቃዲዎችና ቀሳሞች ሳይጠሯቸው ወደ ሟች ቤት እየገቡ ከደንቡ በላይ መውሰዳቸውን ይገሥጻሉ። ተግሣጹ መደጋገሙ በሽታው እንዳልተፈወሰ ያሳያል፤ በቃል ቢከለከልም ሹሙን የሚያበላው ያው የሟቹ ሣጥን ነበርና።

ይህ የእስላም መንግሥት ጕድለት ብቻ እንዳይመስል የክርስቲያኖቹንም መመልከት ይገባል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1857 ድረስ ኑዛዜ የሚጸድቀው በጳጳሳት ፍርድ ቤቶች ነበር። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት የመዝገብ ሹመት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚያስገባ ሲሆን በ1805 የሞቱት ሊቀ ጳጳስ ጆን ሙር ለልጆቻቸው ሰጡት። ባለ ሹመቶቹ ዋጋውን ሲቀበሉ ሥራውን የሚሠሩት ምክትሎቻቸው ነበሩ። በመጨረሻ መንግሥት በ1857 ባወጣው ሕግ የኑዛዜን ዳኝነት ከቤተ ክርስቲያን ወሰደ። የሳሙኤል ልጆች ታሪክ በእንግሊዝ ተደገመ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ዳኝነቷን ያጣችው በጠላት ኀይል ሳይሆን በደመወዝ ነው።

በሊባኖስ ዛሬም ሁለት ዓይነት ሥርዐት ጐን ለጐን ይታያል። የእስላሞች የሸሪዓ ዳኞች በመንግሥት ይሾማሉ፤ ደመወዛቸውም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። የክርስቲያን ቤተ ክህነት ዳኞች ግን የሚሾሙትም የሚተዳደሩትም በየቤተ ክርስቲያናቸው ነው። የክርስቲያኖች ውርስ ሰኔ 23 ቀን 1959 በወጣው ሕግ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ተላልፏል፤ በዚያም ሕግ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። ከቤይሩት ወደ ደማስቆ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ ባለችው በፉርን ኤል ሸባክ «አል ሒክማ»፣ ማለት «ጥበብ»፣ የሚባለው የማሮናውያን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። መሠረቱ ሊቀ ጳጳስ ዮሴፍ ድብስ በ1875 የመሠረቱት ትምህርት ቤት ሲሆን ሕግና ቀኖና ይማሩበታል። የጥንቱ የቤይሩት የሕግ ትምህርት በምድር መናወጥ ቢጠፋም የትምህርቱ ፍላጎት ከዚያ አካባቢ አልጠፋም።

በኢትዮጵያ የነበረውና ያለው

በኢትዮጵያ የዱሮ ሙግት ተከራካሪዎች በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ዳኛው ከክርክር ይበላ ስለ ነበር ሹመት ማለት መብላት ሆነ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው በእንዲህ ያለ ዘመን ነው። ይህን ተረት ብዙዎች እንደ ቀልድ ይጠቅሱታል፤ ነገር ግን የአንድን አሠራር እውነተኛ ታሪክ ይናገራል። ደመወዝ ያልተቈረጠለት ሹም ሹመቱን ራሱን ደመወዝ ያደርገዋል።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ፍርድ ቤቶችን በየደረጃቸው አቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞችን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ መሆኑን ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ የፌዴራል ዳኞችን ሹመት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጀቱን ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ አደረገ። እንዲህ በመሆኑ ዳኛው እጁን ከተከራካሪ ኪስ አወጣ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ነገር ግን ዳኛው የወጣበት በር ሁሉ አልተዘጋም። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ «የውርስ አጣሪ» የሚባለውን ሰው አቆመ። አጠራ ማለት የደፈረሰውን ንጹሕ አደረገ ማለት ስለሆነ ስሙ መልካም ነው። አጣሪው ወራሾችን ይለያል፤ ንብረቱን ይጠብቃል፤ ዕዳ ይከፍላል፤ በኑዛዜ የተሰጠውን ለባለቤቱ ያደርሳል። አጣሪ የሚሆኑት ወራሾቹ ራሳቸው፣ ወይም ሟቹ በኑዛዜ የመረጠው፣ ወይም ፍርድ ቤት የሚሾመው ሰው ነው። ሥራው የሚገባው ባደረገው ጊዜ ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

የሕጉ ረቂቅ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ሲሆን መቅድሙ ፍትሐ ነገሥትን ያነሣል። በዚህ ነጥብ ግን ልጁ የአባቱን ጕድለት ወረሰ። የአጣሪው ዋጋ በመቶ ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ አይበልጥም ብሎ አልወሰነም። በ1014ኛው አንቀጽ ደግሞ ከውርሱ የሚከፈለውን በተራ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ የቀብሩን ወጪ፣ ቀጥሎ የአስተዳደሩንና የማጣራቱን ወጪ፣ ከዚያ የሟቹን ዕዳ፣ በመጨረሻም የኑዛዜውን ስጦታ አደረገ። ለትልቅ ውርስ ይህ ተራ ትክክል ነው፤ አጣሪ ካልተከፈለው ሥራው አይሠራምና። ለትንሽ ውርስ ግን ቀባሪውና አጣሪው ተካፍለው ሲነሡ ለሕፃኑ ባዶ ገበታ ይቀራል። ዮስጢንያኖስ ከ100 ዲናር በታች አትንኩ ያለው ጥበብ እዚህ ላይ ያስፈልግ ነበር።

በባዕድ አገር የሞተ ሰው

ይህ ጥያቄ በፉርን ኤል ሸባክና በሌሎቹ የቤይሩት ዙሪያ መንደሮች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በሊባኖስ ያሉት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ በቤት ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ናቸው። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ ብትሞት የምትተወው ርስት ብዙ ጊዜ መሬትና ቤት ሳይሆን ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። ያልተከፈለ የሠራተኛ ዋጋ ወደ ሰማይ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ ጽፏል፤ የዚህች ሴት ውርስ እንግዲህ አስቀድሞ የሚጮኽ ውርስ ነው።

ይህን ገንዘብ ወደ እናቷ ለማድረስ የሞት ማስረጃ፣ የዐረብኛ ትርጕም፣ የውክልና ጽሑፍና ከኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚወጣ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ በር ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አለ። በ1963 በቪየና የተጻፈው ስምምነት የዜጎችን የውርስ ጥቅም መጠበቅን ከቆንስላ ተግባራት ይቈጥረዋል፤ ይህም አንድ ረዳት ነው። ነገር ግን በየበሩ የሚወሰደው ጥቂት ጥቂት ሲደመር ውርሱን ሊጨርሰው ይችላል፤ የቀሳሙ «ከሺሁ 15» በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ወገን የሚዞረው ወደ ካህኑ ነው። «አባታችን፣ እርስዎ ይያዙልን፤ እርስዎ ያካፍሉን» ይሉታል። ልመናው ከመታመን የመጣ ነው፤ አደጋውም በዚያው ውስጥ ነው። አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ጌታን በለመነው ጊዜ ጌታ አካፋይ መሆንን እንዳልተቀበለ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፏል፤ ወዲያውም ሕዝቡን ከመጐምጀት እንዲጠበቁ አስተማረ። ፈራጅ መሆን የሚቻለው ጌታ ካልተቀበለው፣ ፍትሐት የሚያደርስ ካህን በዚያው እጁ የሟቹን ገንዘብ ሊቈጥር አይገባውም። የፍትሐቱ ዋጋ ከውርሱ መጠን ጋር የተያያዘ እንደሆነ ጸሎቱ ራሱ በጥርጣሬ ዐይን ይታያል።

የቤተ ክርስቲያን ቀኖናም ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ከሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱና በ341 በአንጾኪያ የተሰበሰቡት አባቶች የወሰኑት 24ኛው ቀኖና የጳጳሱ የግል ገንዘብና የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በሕይወት ሳለ ተለይተው እንዲታወቁ ያዝዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሞቱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የዘመዶቹን እንዳትወስድ፣ ዘመዶቹም የቤተ ክርስቲያንን እንዳይወስዱ ነው። ለጳጳስ የተሰጠው ጥበብ ለአጣሪና ለንስሐ አባትም ይሠራል። ዋጋው ከሞት በፊት ይታወቅ፤ ኪሱም ከኪስ ይለይ።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ አንድ ፍሬ ይገኛል። ሹመትና ደመወዝ ሁለት ነገሮች አይደሉም፤ የሹሙን ደመወዝ የሚሰጠው ሥርዐት ሁለተኛው ሿሚው ነው። ስለዚህ የሙታንን ገንዘብ የሚያካፍል ሰው ዋጋው አስቀድሞ በጽሑፍ ይቈረጥ፤ በውርሱ መጠን አይደግ፤ ውርሱ ጥቂት በሆነ ጊዜ ድካሙን ማኅበሩ ወይም ዕድሩ ይሸፍን፤ ሒሳቡም በወራሾች ፊት ይነበብ። ካህኑ ምስክር ይሁን እንጂ አካፋይ አይሁን።

ለመንገደኛና ለስደተኛ ደግሞ ዋነኛው ጥበቃ በሕይወት ሳሉ መናዘዝ ነው። ጥር 25 ቀን 2010 ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አውሮፕላን በባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ 90 ነፍሳት አልቀዋል፤ ከእነርሱ አንዱም ለመናዘዝ ጊዜ አላገኘም። የኢትዮጵያ ሕግ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የተፈረመውን ኑዛዜ ይቀበላል፤ ሰውዬው ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ ሁሉንም በገዛ እጁ የጻፈውንም ይቀበላል። ለሁለት ምስክሮች በቃል የተነገረው ግን የሚጸናው ስለ ቀብር፣ ስለ ሕፃናት ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ተናዛዡ 3 ወር በሕይወት ከቈየም ይፈርሳል። የንስሐ አባት ይህን ዐውቆ ለንስሐ ልጁ ቢነግር ውርሱን ከማካፈል የሚበልጥ አገልግሎት ፈጸመ። በጽሑፉም አጣሪው ማን እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ከተቈረጠ «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ወደ ጥንት ትርጓሜው ይመለሳል፤ ለሚሞተውም ለሚቀሩትም መጽናናት ይሆናል።